ከሐዋሳ ተነሥቶ በዘላቂ የምግብ ሥርዓት ፖሊሲ ሙያ ለመሰማራት፦ ሥልጠናን የመምረጥና በቅደም ተከተል የመውሰድ መመሪያ

ይህ መመሪያ የተዘጋጀው በሐዋሳና በአካባቢዋ በግብርና፣ በምግብ ሳይንስ፣ በኒውትሪሽን፣ በኢኮኖሚክስ፣ በተፈጥሮ ሀብት ወይም በሕግ የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን ይዘው፣ ወይም ለመያዝ ተቃርበው፣ የምግብ ፖሊሲ በሚረቀቅበትና በሚገመገምበት ሥራ ላይ መሰማራት ለሚፈልጉ ሰዎች ነው። በዚህ መስክ የሥልጠና እጥረት የለም፤ ችግሩ ሥልጠናዎቹ የሚወሰዱበት ቅደም ተከተል ነው። ብዙ ወጣቶች በተመረቁ ማግሥት በኢንተርኔት የሚሰጡ ኮርሶችን እየተከታተሉ የምስክር ወረቀት ይሰበስባሉ፣ ቀጥለውም ለውጭ አገር ማስተርስ ያመለክታሉ፤ የማመልከቻው ቅጽ የትኛውን ችግር ለመፍታት እንደሚፈልጉ ሲጠይቃቸው ግን የሚጽፉት መልስ ከሌላ አገር አመልካች መልስ የማይለይ ይሆናል። ስለዚህ እዚህ የቀረበው አካሄድ ከተለመደው በተቃራኒ ይጀምራል። መጀመሪያ አንድ የአገር ቤት ጉዳይ ይያዛል፣ በጉዳዩ ላይ የሚወስነው አካል ተለይቶ ይታወቃል፣ የጎደለውን ዕውቀት የሚሞላ ሥልጠና የሚመረጠው ከዚያ በኋላ ነው።

የምግብ ሥርዓት የሚባለው ምግብ ከሚመረትበት ማሳና ውኃ ጀምሮ እስከሚጓጓዝበት መንገድ፣ እስከሚቀነባበርበት ፋብሪካ፣ እስከሚሸጥበት ገበያ፣ እስከሚበላበት ማዕድና እስከሚጣለው ትርፍራፊ ድረስ ያለውን ሁሉ፣ ከነሕጉ፣ ከነገንዘቡና ከነተፈጥሮ ሀብቱ በአንድነት የሚያይ አመለካከት ነው። ዘላቂ የሚያሰኘው ደግሞ የዛሬውን ሰው ሲመግብ የነገውን ሰው አፈርና ውኃ የማያሟጥጥ፣ አምራቹንም የማያደኸይ ሲሆን ነው። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 የምግብ ሥርዓት ጉባኤ ከጠራ ወዲህ ይህ አመለካከት በመንግሥታት ዕቅድ ውስጥ ሰፊ ቦታ አግኝቷል። ኢትዮጵያም የግብርና ሚኒስቴርና የጤና ሚኒስቴር በጋራ የሚመሩት አገራዊ የሽግግር ዕቅድ አዘጋጅታለች፤ በሐምሌ 2017 ዓ.ም. ደግሞ የጉባኤውን ሁለተኛ የአፈጻጸም መገምገሚያ መድረክ ከጣሊያን ጋር በመሆን በአዲስ አበባ አስተናግዳለች። ግብርናን፣ ጤናን፣ ንግድንና የአካባቢ ጥበቃን አያይዞ የሚመረምር ባለሙያ በየመሥሪያ ቤቱ የሚፈለገው በዚህ ምክንያት ነው፤ እንዲህ ያለውን ባለሙያ ግን አንድ የትምህርት ክፍል ብቻውን አያፈራውም።

ደረጃ 1፦ አንድ ጉዳይ ይምረጡ፣ እስከ ወሳኙ አካል ድረስም ይከተሉት

የመጀመሪያው ሥልጠና ምዝገባም ክፍያም የለውም። ሐዋሳ ለዚህ የታደለች ከተማ ናት፤ ሐይቁ፣ የእንሰት ጓሮው፣ የቡናና የአቮካዶው ማሳ፣ የይርጋለም የተቀናጀ የግብርና ማቀነባበሪያ ኢንዱስትሪ ፓርክ፣ ዩኒቨርሲቲውና የሲዳማ ክልል ቢሮዎች ጠዋት ወጥቶ ማታ ለመመለስ በሚያስችል ርቀት ላይ ይገኛሉ። በአዲስ አበባ ሆኖ ስለ ምግብ ሥርዓት የሚያጠና ሰው ይህን ሁሉ ለማየት የመስክ በጀት ያስፈልገዋል።

ለምሳሌ የሐዋሳ ሐይቅን ዓሣ እንውሰድ። በማለዳ በሐይቁ ዳር ወዳለው የዓሣ ገበያ፣ ወደ አሞራ ገደል፣ የሚወርድ ሰው አጥማጆቹ መረባቸውን ሲያራግፉ፣ ቆሮሶውና አምባዛው ተለይቶ ሲሰነጠቅ፣ ሲጠበስ፣ በጥሬውም ሲበላ ያያል። ይህን ያየ ሁሉ ስለ ዓሣው መናገር ይችላል። የፖሊሲ ሙያ የሚጀምረው ግን በየሥራው ላይ የመወሰን ሥልጣን ያለው ማን እንደሆነ ከመጠየቅ ነው። የመረቡን ዓይን ስፋትና የማጥመጃውን ፈቃድ በተመለከተ የሕግ መሠረቱ የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ሲሆን፣ አፈጻጸሙ በክልሉ የግብርና ዘርፍ እጅ ነው። በጥሬው የሚበላው ዓሣ ደኅንነት የጤናውን ዘርፍና የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011ን ይመለከታል። የገበያው ንጽሕናና የፍሳሹ ማስወገጃ የከተማው አስተዳደር ጉዳይ ነው። የአጥማጆቹ ማኅበር አደረጃጀት ወደ ኅብረት ሥራው ዘርፍ ይወስዳል። ሐይቁ መውጫ የሌለው በመሆኑ፣ የጥቁር ውኃ ወንዝና ከከተማው የሚወርደው ጎርፍ ይዘውት የሚገቡት ደለልና ፍሳሽ እዚያው ይቀራል፤ ይህም የተፋሰስ አስተዳደርንና የአካባቢ ጥበቃን መሥሪያ ቤቶች ይጠራል። በዚህ ላይ የሐይቁ ዳርቻ የሲዳማና የኦሮሚያ ክልሎች የሚጋሩት ስለሆነ፣ ሁለትና ከዚያ በላይ ክልሎችን የሚያስተሳስሩ ወንዞችንና ሐይቆችን አጠቃቀም የመወሰን ሥልጣን ለፌዴራሉ መንግሥት የሚሰጠው የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 51 ንዑስ አንቀጽ 11 ወደ ጥያቄው ይገባል። አንድ ሳህን ዓሣ ከተማውን፣ ክልሉንና ፌዴራሉን መንግሥት በአንድ ጊዜ ይነካል ማለት ነው። ይህን ሰንሰለት በአንድ ወረቀት ላይ ሥሎ፣ በእያንዳንዱ መጋጠሚያ ላይ ወሳኙን መሥሪያ ቤት፣ ሕጉንና ገንዘቡ የሚመጣበትን የበጀት ርዕስ መጻፍ የቻለ ሰው፣ ብዙ የማስተርስ ተማሪ በመጀመሪያው ሴሚስተር የሚታገለውን ሥራ አስቀድሞ ሠርቶታል።

ዓሣ የማይስበው አንባቢ ሌላ ጉዳይ አያጣም። በወንዶ ገነትና በአካባቢው የእንሰትና የቡና ጓሮ ለጫትና ለባሕር ዛፍ ቦታ እየለቀቀ መሄዱን በርካታ ጥናቶች መዝግበውታል፤ ጫቱ ለገበሬው ጥሬ ገንዘብ ያስገኛል፣ የቤተሰቡ ቆጮና ቡላ ግን ከጓሮ ወደ ገበያ ይሸሻል፣ ቆጮ መፋቅና ማዘጋጀት የሴቶች ሥራ ስለነበረም በቤት ውስጥ የነበረው የገቢ አያያዝ አብሮ ሊለወጥ ይችላል። ይህ ጉዳይ የግብርና ነው፣ የጤና ነው፣ የግብር ነው፣ የሥርዓተ ጾታም ነው። በቡናው በኩል ደግሞ የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2023 ያወጣው ደንብ እ.ኤ.አ. ከዲሴምበር 31 ቀን 2020 በኋላ ደን ተመንጥሮ በተገኘ መሬት ላይ የበቀለ ቡና በገበያው እንዳይቀርብ ይከለክላል፤ ተፈጻሚነቱ ቢራዘምም የእያንዳንዱ ማሳ መገኛ ተመዝግቦ እንዲቀርብ የሚጠይቅ በመሆኑ፣ ከግማሽ ሔክታር በታች የያዘው የሲዳማ ገበሬ ማሳ በማን ወጪ ይመዘገባል የሚለው ጥያቄ ሙሉ የፖሊሲ ጥናት ይወጣዋል።

ጉዳዩ ከተመረጠ በኋላ አምራቹን፣ ነጋዴውን፣ አጓጓዡን፣ ተቆጣጣሪውንና ሸማቹን በየተራ ማነጋገር ያስፈልጋል። በገጠር ቀበሌዎች ሲዳምኛ የሚናገር ሰው ይዞ መሄድ የግድ ነው፤ በተለይ እናቶች ስለ ጓሯቸውና ስለ ምግባቸው የራሳቸው ባልሆነ ቋንቋ በተጠየቁ ጊዜ ሐሳባቸውን አሳጥረው ስለሚመልሱ፣ ከመልሱ ውስጥ ዋናው ነገር ይቀራል። ባለፉት ዓመታት የተለወጠው ምን እንደሆነና ማን እንደለወጠው መጠየቅ፣ ችግሩ ምን እንደሆነ ብቻ ከመጠየቅ የተሻለ መረጃ ያስገኛል።

ደረጃ 2፦ ሕጉን፣ ሰነዱንና የበጀቱን ዘመን ያንብቡ

በፖሊሲ ሥራ ውስጥ በጣም የተናቀው፣ ዋጋው ግን ከፍተኛ የሆነው ሥልጠና አዋጅ ማንበብ ነው። ከፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ ቢያንስ የአስፈጻሚ አካላትን ሥልጣንና ተግባር የሚወስነውን አዋጅ ቁጥር 1263/2014ን እና የመረጡትን ጉዳይ የሚመለከተውን አዋጅ ከመግቢያው እስከ መጨረሻው አንቀጽ ያንብቡ። ጋዜጣው በአማርኛና በእንግሊዝኛ የሚታተም ቢሆንም፣ ሁለቱ ሲለያዩ የሚጸናው የአማርኛው ቅጂ ነው፤ ስለሆነም በእንግሊዝኛው ብቻ ተመሥርቶ የሚጻፍ ትንተና አደጋ አለው።

ከአዋጆቹ ቀጥለው የሚመጡት በ2011 ዓ.ም. የጸደቀው የምግብና ሥርዓተ ምግብ ፖሊሲ፣ በ2007 ዓ.ም. ይፋ የሆነውና ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ የሚደርሰውን መቀንጨር እ.ኤ.አ. እስከ 2030 ለማስቆም ቃል የገባው የሰቆጣ ቃል ኪዳን፣ በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የሴፍቲኔት ፕሮግራም ሰነዶችና በ2015 ዓ.ም. የተጀመረው የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብር ናቸው። በአህጉር ደረጃ መንግሥታት ከበጀታቸው 10 በመቶውን ለግብርና እንዲመድቡ የተስማሙበትን የማፑቶ መግለጫ እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ፣ የማላቦን ከ2014፣ የካምፓላን ደግሞ ከ2025 አንሥቶ መከታተል ያስፈልጋል። የካምፓላው እ.ኤ.አ. ከ2026 እስከ 2035 ያለውን ጊዜ የሚሸፍን ስለሆነ፣ ዛሬ ሥራ የሚጀምር ባለሙያ የሙያ ዘመኑን የመጀመሪያ አሥር ዓመት የሚያሳልፈው በእርሱ ሥር ነው።

የበጀቱን ዘመን ማወቅ ከሰነዱ እኩል ያስፈልጋል። የመንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ቀን ይጀምራል፤ መሥሪያ ቤቶች የቀጣዩን ዓመት ዕቅድና የበጀት ጥያቄ የሚያዘጋጁት ከዚያ ብዙ ወራት ቀደም ብለው ነው። በሰኔ ወር የሚቀርብ ሐሳብ ምንም ያህል መልካም ቢሆን የሚገባበት የበጀት ርዕስ አያገኝም፤ በታኅሣሥና በጥር የቀረበ ግን የዕቅድ ባለሙያው ጠረጴዛ ላይ በወቅቱ ይደርሳል። ሰነድ ሲከለከሉ ደግሞ የመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 ለዜጋ የሰጠውን መብት ጠቅሰው በጽሑፍ መጠየቅ ይችላሉ። ጥያቄው በትሕትና ተጽፎ በመዝገብ ቤት ገቢ ሆኖ ቁጥር እንዲያዝለት ያድርጉ፤ ቁጥር ያልተያዘለት ደብዳቤ እንዳልተጻፈ ይቆጠራል።

ደረጃ 3፦ በቁጥር የመሥራት ችሎታ ይያዙ

ከአምስት ዓመት በታች ካሉ የኢትዮጵያ ሕፃናት መካከል የቀነጨሩት እ.ኤ.አ. በ2000 58 በመቶ፣ በ2016 38 በመቶ፣ በ2019 በተደረገው አነስተኛ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ደግሞ 37 በመቶ ነበሩ። አንድ ጀማሪ እነዚህን ቁጥሮች በቃል ቢይዝ ጥሩ ነው፤ ቅነሳው ለምን እንደቀዘቀዘ፣ በገጠርና በከተማ፣ በሀብታምና በድሃ ቤተሰብ መካከል ያለው ልዩነት ምን ያህል እንደሆነ ራሱ ከመረጃው አውጥቶ ማሳየት ከቻለ ግን ለሥራ የተዘጋጀ ነው።

ለዚህ የሚያስፈልገው መረጃ ያለ ክፍያ ይገኛል። የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት ከዓለም ባንክ ጋር የሚያካሂደው የኢትዮጵያ የማኅበራዊና ኢኮኖሚ ጥናት፣ ቤተሰቦች ምን እንደሚያመርቱና ምን እንደሚመገቡ የሚያሳይ ዝርዝር መረጃ ስላለው፣ በዓለም ባንክ የመረጃ ቋት ተመዝግቦ ማውረድ ይቻላል። ለትንተናው ስታታ የተሰኘውን ሶፍትዌር የሚጠቀሙ መሥሪያ ቤቶች ብዙ ናቸው፤ ፈቃዱ ውድ ስለሆነ ግን አር (R) በተሰኘው በነፃ በሚገኝ ሶፍትዌር መጀመር ይመረጣል፤ አንዱን የለመደ ሰው ወደ ሌላው መሻገር አይከብደውም። ስለ መረጡት ጉዳይ ሦስት ሠንጠረዦችና አንድ ግራፍ ከጥሬ መረጃ ተነሥተው ራስዎ እስኪሠሩ ድረስ ወደሚቀጥለው ደረጃ ባይሄዱ እመክራለሁ።

ደረጃ 4፦ አጫጭር ሥልጠናዎችን በልክ ይውሰዱ

እዚህ ላይ ሲደረስ የጎደለው ነገር ይታወቃል። ስለ አጠቃላይ ጽንሰ ሐሳቡ መነሻ የሚፈልግ ሰው ኮፐንሃገን ዩኒቨርሲቲ ኮርሴራ በተሰኘው የኢንተርኔት ትምህርት መድረክ የሚሰጠውን የዓለም የምግብ ሥርዓት ሽግግር ኮርስ ቢወስድ ይጠቀማል፤ ክፍያውን ለማይችል ተማሪ የክፍያ ድጋፍ መጠየቂያ ቅጽ አለ፣ ምክንያቱንም በሐቅ መሙላት ያስፈልጋል። የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት፣ ማለትም ፋኦ፣ በኢለርኒንግ አካዳሚው በኩል የሚሰጣቸው ኮርሶች ለማንኛውም ሰው ነፃ ናቸው፣ ፈተናቸውን ላለፈም የዲጂታል ምስክር ይሰጣሉ፤ ከመካከላቸውም አውርደው ያለ ኢንተርኔት የሚከታተሏቸው ስላሉ መብራትና ኔትወርክ ለሚቆራረጥበት አካባቢ ይመቻሉ። በዘላቂ ልማት ግቦች ላይ የሚያስተምረው ኤስዲጂ አካዳሚ በግብርና፣ በኒውትሪሽንና በዘላቂነት ግንኙነት ላይ ያዘጋጀው ኮርስና የተባበሩት መንግሥታት መርሐ ግብር የሆነው ዩኤን ሲሲ ለርን በአየር ንብረት ለውጥ ላይ የሚሰጣቸው ነፃ ትምህርቶችም ጠቃሚ ናቸው።

ከሁለት ወይም ከሦስት በላይ አይውሰዱ። በሥራ ማስታወቂያ ላይ የሚወዳደሩበት ሰው አሥር የኢንተርኔት ምስክር ወረቀት ቢደረድር ቀጣሪው የሚያነበው የመጀመሪያውን መስመር ብቻ ነው፤ ኮርሱ ዋጋ የሚያገኘው በሚቀጥለው ደረጃ በሚጻፈው ጽሑፍ ውስጥ ሲታይ ነው። የምዝገባ ገንዘብ አስቀድመው የሚጠይቁ፣ በታወቀ ድርጅት ስም የሚያስተዋውቁ፣ ከድርጅቱ ይፋዊ ገጽ ላይ ግን የማይገኙ ሥልጠናዎችን ፈጽሞ ይራቁ።

ደረጃ 5፦ ሁለት ገጽ የፖሊሲ ጽሑፍ ይጻፉ፣ ለሚመለከተውም ይስጡ

ይህ ደረጃ የመመሪያው ልብ ነው። የፖሊሲ ባለሙያ በዋነኝነት የሚከፈለው ለጽሑፉ ነው፤ ጽሑፉም ከመመረቂያ ጥናት ፈጽሞ ይለያል። የመመረቂያ ጥናት ስለ ሥነ ዘዴው ብዙ ገጽ ይይዛል፣ ምክረ ሐሳቡንም መጨረሻ ላይ በጥቂት መስመር ጠቅልሎ «የሚመለከተው አካል ትኩረት ሊሰጠው ይገባል» በማለት ያበቃል። የቢሮ ኃላፊ እንዲህ ባለው ዓረፍተ ነገር ምንም ሊሠራበት አይችልም፤ የሚመለከተው አካል እርሱ ራሱ መሆኑን፣ ትኩረቱም በየትኛው ቀን፣ በስንት ብርና በየትኛው መመሪያ ላይ እንደሚገለጽ ይፈልጋል።

ስለዚህ የጽሑፉ የመጀመሪያ አንቀጽ ውሳኔ ሰጪውን በማዕረጉ ጠርቶ ምን እንዲወስን እንደሚጠየቅ በግልጽ ይናገር። ቀጥሎ ችግሩ በቁጥርና በአንድ የመስክ ማስረጃ ይቅረብ። ከዚያም ሦስት አማራጮች ይቀመጡ፤ ከእነርሱም አንዱ ሁልጊዜ አሁን ያለውን አሠራር እንዳለ መተው ይሁን፣ ምክንያቱም መተውም የራሱ ወጪ አለው። በሐዋሳ ዓሣ ምሳሌ ሁለተኛው አማራጭ በመራቢያ ወቅት ማጥመድን መገደብ፣ ሦስተኛው ደግሞ የመረብ ቁጥጥሩን አጠናክሮ በማረፊያው ቦታ የማቀዝቀዣ አገልግሎት ማቋቋም ሊሆን ይችላል። ለእያንዳንዱ አማራጭ ወጪው፣ አስፈጻሚው፣ የሕግ መሠረቱና የሚጎዳው ሰው ይጻፍ።

የሚጎዳውን ሰው መጻፍ ጀማሪዎች በብዛት የሚዘሉት ክፍል ነው፤ ያለ እርሱ ግን ጽሑፉ ሐቀኛ አይሆንም። በመራቢያ ወቅት ማጥመድ ቢከለከል ለዓሣው ይበጃል፤ በእነዚያ ወራት ግን አጥማጁ ምን ይብላ? ዓሣ ሰንጥቀውና ጠብሰው የሚያድሩት ሴቶችስ? ሌላ ገቢ የሌለው ሰው በሌሊት ማጥመዱን ይቀጥላል፣ ተቆጣጣሪውም አይቶ እንዳላየ ያልፋል፣ ሕጉም ወረቀት ላይ ይቀራል። ገደቡን ከከተማ ሴፍቲኔት ወይም ከሌላ ጊዜያዊ ሥራ ጋር ያላያያዘ ምክረ ሐሳብ ተፈጻሚ እንደማይሆን የሚያውቀው ከአጥማጆቹ ጋር የተነጋገረ ሰው ነው፤ የደረጃ 1 ድካም ዋጋው የሚታየው እዚህ ላይ ነው።

ጽሑፉን በአማርኛም በእንግሊዝኛም ያዘጋጁ። የአማርኛው ለክልሉ ቢሮ፣ ለከተማው አስተዳደርና ለምክር ቤቱ ቋሚ ኮሚቴ፣ የእንግሊዝኛው ለድርጅቶችና ለማስተርስ ማመልከቻ ይሆናል፤ የክልሉ የሥራ ቋንቋ ሲዳምኛ ስለሆነ በዚያ ቋንቋ አንድ ገጽ ማጠቃለያ ማያያዝ አክብሮትንም ቁም ነገርንም ያሳያል። ከመስጠትዎ በፊት ጉዳዩን የሚያውቅ አንድ መምህርና ጉዳዩን ጨርሶ የማያውቅ አንድ ሰው ያንብቡት። ሁለተኛው ሰው አንብቦ ምን እንደተጠየቀ በአንድ ዓረፍተ ነገር መናገር ካልቻለ ጽሑፉ እንደገና ይጻፍ።

ደረጃ 6፦ ከማስተርስ በፊት ሁለት ዓመት ይሥሩ

በዚህ ነጥብ ላይ ብዙ ቤተሰቦችና መምህራን ከእኔ ጋር ላይስማሙ ይችላሉ፤ በተመረቁበት ዓመት ወደ ማስተርስ መግባት ጊዜ ማትረፊያ ይመስላቸዋል። በፖሊሲ መስክ ግን ወረዳ ምን እንደሚመስል የማያውቅ ማስተርስ፣ ዕቅዱ ሲያምር አፈጻጸሙ የሚጎድል ይሆናል። ከታላላቆቹ የነፃ ትምህርት ዕድሎችም የብሪታንያ መንግሥት የሚሰጠው ቼቭኒንግ ቢያንስ የሁለት ዓመት፣ ማለትም የ2,800 ሰዓት የሥራ ልምድ ይጠይቃል፤ የጀርመኑ የአካዳሚክ ልውውጥ አገልግሎት፣ ማለትም ዳድ፣ ለታዳጊ አገሮች ባለሙያዎች በሚሰጠው የማስተርስ ድጋፍ እንዲሁ የሁለት ዓመት ልምድ ይፈልጋል።

ሥራው የፖሊሲ ስም ያለው መሆን አይጠበቅበትም። በወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤት፣ በኅብረት ሥራ ዩኒየን፣ በሴፍቲኔት ወይም በኒውትሪሽን ፕሮጀክት ውስጥ የሚገኝ የክትትልና ግምገማ ሥራ ምርጥ መግቢያ ነው፤ ዕቅድ፣ በጀትና ውጤት አንድ ላይ የሚታዩት እዚያ ነውና። በምርምሩ በኩል የፖሊሲ ጥናት ኢንስቲትዩት፣ የኢትዮጵያ ኢኮኖሚክስ ማኅበር፣ የግብርና ትራንስፎርሜሽን ኢንስቲትዩት፣ ኢፍፕሪ በሚል ምኅጻር የሚታወቀው የምግብ ፖሊሲ ምርምር ተቋምና የዓለም አቀፉ የእንስሳት ምርምር ተቋም በአዲስ አበባ ስለሚገኙ የረዳት ተመራማሪ ማስታወቂያዎቻቸውን በመደበኛነት ይከታተሉ። ከፍ ሲል የተጻፈው የሁለት ገጽ ጽሑፍና ሦስቱ ሠንጠረዦች ከማመልከቻው ጋር ሊያያዙ የሚገባቸው ለእንዲህ ዓይነቱ ሥራ ነው።

የተግባር ልምምድ የሚፈልግ ተማሪ ከዩኒቨርሲቲው የትብብር ደብዳቤ ይዞ፣ ከጉዳዩ ጋር የሚገናኘውን የሥራ ሂደት በስሙ ጠቅሶ ማመልከት አለበት፤ በጥቅሉ ለቢሮው ብቻ የተጻፈ ደብዳቤ ከክፍል ክፍል ሲዘዋወር ይከርማል። ፋኦ ዕድሜያቸው ከ21 እስከ 30 ለሆኑ ወጣቶች የድጎማ ክፍያ ያለው ኢንተርንሺፕ አለው፣ የምሥራቅ አፍሪካ ንዑስ ቀጣና ጽሕፈት ቤቱም አዲስ አበባ ነው። የአፍሪካ ኅብረት የወጣት በጎ ፈቃደኞች ቡድን ከ18 እስከ 35 ዓመት ያሉትን ይቀበላል። በተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን የሚሰጠው ኢንተርንሺፕ ደመወዝ የለውም፤ ከሐዋሳ ሄዶ በአዲስ አበባ ቤት የሚከራይ ሰው ከማመልከቱ በፊት የወራቱን ወጪ ማን እንደሚሸፍንለት ይወስን።

ደረጃ 7፦ ማስተርሱን ከጉዳዩ ጋር አስማምተው ይምረጡ

በአገር ውስጥ ለመማር አገር አቀፉን የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና ማለፍ ግዴታ ነው። ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ፣ እ.ኤ.አ. በ1976 በተቋቋመው የግብርና ኮሌጅ ላይ የተመሠረተ እንደመሆኑ፣ በኒውትሪሽን፣ በምግብ ሳይንስና በአግሪቢዝነስ፣ በወንዶ ገነት ኮሌጁ ደግሞ በደንና በተፈጥሮ ሀብት ጠንካራ መሠረት አለው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የምግብ ዋስትና ጥናት ማዕከል አለው፣ ከማስተርካርድ ፋውንዴሽን ጋር የሚሰጠውም የነፃ ትምህርት ዕድል አለ። ሐሮማያ በግብርና ኢኮኖሚክስ የቆየ ስም አለው። ሥራውን በክልልና በወረዳ ለመቀጠል ላሰበ ሰው የአገር ውስጡ ማስተርስ የመመረቂያ ጥናቱን እዚሁ ስለሚያሠራ በእኔ እምነት የተሻለ ነው፤ የትንተና ዘዴ ጥማት ላለው ደግሞ የውጭው ይመረጣል።

ከውጭዎቹ መካከል በአውሮፓ ኅብረት የሚደገፉት የኤራስመስ ሙንደስ ፕሮግራሞች አብዛኛውን ጊዜ ከጥቅምት እስከ ጥር ማመልከቻ ይቀበላሉ፤ በጌንት ዩኒቨርሲቲ አስተባባሪነት የሚሰጠው የገጠር ልማት ማስተርስና በግብርና፣ በምግብና በአካባቢ ፖሊሲ ትንተና ላይ የሚያተኩረው ፕሮግራም ለዚህ መስክ የቀረቡ ናቸው። ድጋፍ የሚሰጣቸው ፕሮግራሞች ከዓመት ዓመት ስለሚለዋወጡ የዓመቱን ዝርዝር ከአውሮፓ ኅብረት ካታሎግ ያረጋግጡ። የዳዱ ድጋፍ ዲግሪው ከተገኘ ከስድስት ዓመት በላይ እንዳይሆን ስለሚጠይቅ የሥራውን ዘመን ሲያረዝሙ ይህንን ያስቡ። የቼቭኒንግ ማመልከቻ አብዛኛውን ጊዜ ከሐምሌ መጨረሻ እስከ መስከረም መጨረሻ ይቆያል። ኢትዮጵያ የኮመንዌልዝ አባል ስላልሆነች የኮመንዌልዝ ስኮላርሺፕ ማስታወቂያ ላይ ጊዜ አያባክኑ።

ለማመልከቻው የሚያስፈልጉት ሰነዶች ከቀነ ገደቡ ቢያንስ ስድስት ወር ቀድመው ይዘጋጁ፤ ትራንስክሪፕት ማውጣት፣ ፓስፖርት፣ የእንግሊዝኛ ፈተናና የድጋፍ ደብዳቤ እያንዳንዳቸው የራሳቸው ወረፋ አላቸው። የድጋፍ ደብዳቤ የሚጽፍልዎትን መምህር ወይም አለቃ ስለ ጠባይዎ ብቻ ከመመስከር ይልቅ ስለ ሁለት ገጹ ጽሑፍ እንዲጽፍልዎት ይጠይቁት፤ ጽሑፉንም አብረው ይስጡት። በፍላጎት መግለጫው ደብዳቤ ላይ የመጀመሪያው አንቀጽ ስለ ዓለም ረሀብ አይናገር፤ ስለ መረቡ ዓይን፣ ስለ ጫቱ ማሳ ወይም ስለ ቡናው ምዝገባ ይጀምርና ውሳኔው የት ላይ እንደቆመ ያስረዳ።

የተወሰኑ ፌሎሺፖች ለጀማሪ አይሆኑም፣ መዝገብ ላይ ግን ይያዙ። በናይሮቢ የሚገኘው አዋርድ በግብርና ምርምርና ፖሊሲ ለሚሠሩ አፍሪካውያን ሴቶች፣ አግራ የተሰኘው በአፍሪካ ግብርና ላይ የሚሠራ ድርጅት የሚመራው የአፍሪካ የግብርና መሪዎች ማዕከል በኃላፊነት ላይ ላሉ ባለሙያዎች፣ በደቡብ አፍሪካ የሚሰጠው የአፍሪካ የኒውትሪሽን አመራር ፕሮግራም ደግሞ በኒውትሪሽን ዘርፍ ለቆዩ ሰዎች የተዘጋጁ ናቸው።

የመንግሥት ሠራተኛ ሆኖ ለትምህርት የሚሄድ ሰው ከመሥሪያ ቤቱ ጋር የግዴታ አገልግሎት ውል ይፈርማል፤ ቼቭኒንግም ተመራቂው ወደ አገሩ ተመልሶ ቢያንስ ሁለት ዓመት እንዲቆይ ያስገድዳል። ሁለቱ ግዴታዎች አብረው ሊሄዱ ይችላሉ፤ ሆኖም የአገልግሎቱ ዘመን ስንት እንደሆነ፣ ሲመለሱ የሚመደቡበት የሥራ መደብ ከተማሩት ጋር የሚገናኝ መሆኑና ውሉ ቢቋረጥ የሚከፈለው ገንዘብ እንዴት እንደሚሰላ ከመፈረምዎ በፊት በጽሑፍ እንዲገለጽልዎ ይጠይቁ፤ የውሉን አንድ ቅጂም ማኅተም አስመትተው ይያዙ።